የየካቲት ንባብ ሒሳብ፦ የአንድ ወር መጻሕፍትን መለስ ብሎ ስለ መመርመር

የግል ንባብ ሲባል ሰው ፈተና ሳይጠብቀው፣ አለቃም ሳያዝዘው፣ በራሱ ምርጫና በራሱ ጊዜ የሚያነበው ንባብ ማለት ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ንባብ በኢትዮጵያ ብዙ ተብሏል፤ ይሁን እንጂ ከሚባለው አብዛኛው ሰው እንዲያነብ ከመምከር የማያልፍ በመሆኑ፣ መጽሐፉ ከተከደነ በኋላ በአንባቢው ዘንድ ምን እንደ ቀረ፣ ምን እንደ ጠፋ፣ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን እንዴት እንዳረመው ወይም እንደ ተቃረነው የሚጠይቅ ልማድ ገና ሥር አልሰደደም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን ልማድ ማስረዳት ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡም ያነበበ ሰው ባነበበው ላይ ለመፍረድ የሚበቃው መጻሕፍቱን በአንድነት አቅርቦ እርስ በርሳቸው ሲያመሳክር ነው የሚል ነው።

ለዚህ ሥራ ወር የተመቸ ልክ ነው። ሳምንት ብዙውን ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ በላይ ስለማያስነብብ ለማመሳከር ይጠባል፤ ዓመት ደግሞ በመስከረም የተነበበው በነሐሴ ስለሚደበዝዝ ለትዝታ ይሰፋል። የኢትዮጵያ ወር፣ ከጳጉሜን በስተቀር፣ ምንጊዜም 30 ቀን በመሆኑ፣ ከሥራ መልስ በቀን 40 ገጽ የሚያነብ ሰው በወሩ መጨረሻ 1,200 ገጽ፣ ማለትም አራት ወይም አምስት መካከለኛ መጻሕፍት ያነብባል። አራት መጻሕፍት ደግሞ እርስ በርስ ለመነጋገር ከበቂ በላይ ናቸው።

ወሩና ቦታው

ለምሳሌ የተመረጠው ወር የካቲት፣ የተመረጠውም ቦታ ስድስት ኪሎ ነው፤ ምክንያቱም ከኢትዮጵያ ወሮች እንደ የካቲት ብዙ ታላላቅ የዘመናዊ ታሪክ ቀኖችን የተሸከመ፣ ከአዲስ አበባ አደባባዮችም እንደ ስድስት ኪሎ ታሪኩንና መጻሕፍቱን በአንድ ግቢ ያገናኘ በቀላሉ አይገኝም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተገኘ። የፋሺስት ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀናት የፈጸሙት ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን የለቀቀው የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የታወጀው ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በየካቲት ስለ የካቲት የሚያነብ ሰው ሰማንያ ዓመት በሚጠጋ ታሪክ ውስጥ ይመላለሳል።

ቦታውም ከዚህ አያንስም። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ስፍራ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ይህን ቤተ መንግሥት የአገረ ገዢያቸው መቀመጫ አደረጉት፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን በአገረ ገዢው በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ የወረወሩትም እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ለኔፕልስ ልዑል መወለድ በተዘጋጀው በዓል ምጽዋት ሲታደል ነበር። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ተመልሰው ተቀመጡበት፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት በዚያው ተገደሉ፤ በ1954 ዓ.ም. ግቢው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተቋቋመ። ተቋሙ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል የሚመለከቱ መጻሕፍትን፣ የብራና ጽሑፎችንና ቅርሶችን በአንድነት የሚሰበስብ የምርምር ቤት ነው።

በዚህ ግቢ ውስጥ ከመጽሐፉ ቀና የሚል አንባቢ ትኩር ብሎ ሊያየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት፣ ወጥቶ ወጥቶ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቶች ሮም ላይ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ አንድ አንድ የአገዛዝ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት እንጂ። የተሠራው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ዛሬ የሚመሰክረው ግን የዚያን ዓላማ መክሸፍ ነው። ከግቢው በር ወጣ ሲሉ በአደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አለ፤ ዩጎዝላቪያውያኑ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ሲሆን፣ የጭፍጨፋውን ትዕይንት የሚያሳዩ የነሐስ ቅርጾች ተለጥፈውበታል። ደረጃውና ሐውልቱ፣ የተሠሩበት ዘመንና ያሠራቸው ሰው ካልታወቀ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያያቸው ድንጋይና ብረት ሆነው ይቀራሉ። መጽሐፍም እንደዚሁ ነው።

መዝገቡ

የወር ንባብን ለመመርመር መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። ንባብን በቀንና በወር መደልደል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ይደገማል፤ የቅዱሳንን ታሪክ በየዕለቱ መታሰቢያ የሚያቀርበው ስንክሳር ዓመቱን ሙሉ በቀን በቀኑ ይነበባል፤ ድርሳነ ሚካኤልን የመሰለው መጽሐፍም ወር በገባ በ12ኛው ቀን የሚነበብ ክፍል አለው። በዚህ ሥርዓት ያደገ አንባቢ ካነበበው ክፍል ጋር ዳግም መገናኘቱ አይቀርም፤ በየጊዜውም የሚገናኘው ዕድሜ ጨምሮ፣ ሐሳብ ለውጦ ነው። በብራና መጻሕፍት ኅዳግ፣ ማለትም በጽሑፉ ዙሪያ ባለው ባዶ ቦታ፣ ባለቤቶችና አንባቢዎች የተዉአቸው ማስታወሻዎችም ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪ ከዋናው ጽሑፍ የማይተናነስ ጥቅም የሚሰጡበት ጊዜ አለ።

በማተሚያ ዘመንም መጻሕፍትን መዝግቦ የመያዝ ሥራ ቀድሞ ተጀምሯል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር፣ አንድ አገር ያላትን መጽሐፍ ቆጥራ ማወቅ እንዳለባት ያመኑ ሰው ሥራ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ በ16ኛው ምእተ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ፣ የማስታወስ ችሎታው ደካማ ስለ ነበር፣ በጨረሰው መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ የጨረሰበትን ጊዜና በአጭሩ የደረሰበትን ፍርድ ይጽፍ እንደ ነበር ራሱ መስክሯል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ሲያነሣ የሚያገኘው ደራሲውን ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞውን ራሱንም ጭምር ያገኝ ነበር።

ለዛሬው አንባቢ አንድ ባለመስመር ደብተር ይበቃል። እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ ይሰጠውና በገጹ ላይ አራት ነገር ይሰፍራል፦ መጽሐፉ መቼና የት ታተመ፤ ጸሐፊው ነገሩን እንዴት ሊያውቅ ቻለ፤ ሲጽፍ ማን እንዲያነብለት አስቦ ነው፤ ሳይመለስ የቀረ ጥያቄ ምንድን ነው። ለምሳሌ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» በዚህ መልክ ሲመዘገብ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ሮም፣ 1901 ዓ.ም. ተብሎ ይጻፋል፤ በሁለተኛው ጸሐፊው ዘጌ ተወልደው፣ በኢጣልያ ሥዕል ተምረው፣ በኔፕልስ አማርኛ ያስተማሩ መሆናቸው ይገለጻል፤ በሦስተኛው መጽሐፉ የታተመው ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ መሆኑ ይሰፍራል፤ በአራተኛው ደግሞ «ምስጋናው የቱ ጋ ያበቃል? ታሪኩስ ከየት ይጀምራል?» የሚል ጥያቄ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሩብ ሰዓት ከሌለ በወሩ መጨረሻ የሚመረመር ነገር አይኖርም።

መዝገቡ ከተያዘ በኋላ ምርመራው በምን ይመራ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። የዐድዋው ተወላጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ተምረው የተመለሱትና በ1911 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነታቸው ያረፉት ሊቅ፣ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የአፈወርቅን መጽሐፍ ሚዛኑ ያጋደለ ነው ብለው ከተቹ በኋላ፣ ታሪክ ጸሐፊ ሊኖሩት የሚገቡ ሦስት ተሰጥኦዎችን ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው የሆነውን ነገር በጥንቃቄ የማስተዋል ችሎታ፣ ሁለተኛው ባስተዋሉት ላይ ያለ አድልዎ የመፍረድ ብቃት፣ ሦስተኛው ደግሞ ይህን ለሌላው ግልጽ በሆነ ቋንቋ የማስረዳት ክህሎት ነው። ነጋድራሱ ይህን ያሉት ስለሚጽፉ ሰዎች ነው፤ ሆኖም በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ከፍቶ የሚቀመጥ አንባቢም እነዚሁ ሦስቱ ያስፈልጉታል፤ ስለዚህ የቀረው ትምህርት በእነርሱ ቅደም ተከተል ይቀርባል።

ማስተዋል

በወሩ መጨረሻ የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ መጻሕፍቱን በተነበቡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በተጻፉበት ዘመን መደርደር ነው። አንባቢ መጽሐፍ የሚያነበው እንደ ተገኘለት ነው፤ አንዱን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላውን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ፣ ሌላውን ከጓደኛ ተውሶ ያገኛል። ከነዚህ ሁሉ የተገኙት በዘመናቸው ሲደረደሩ ግን ተለያይተው ሲነበቡ ያልታየ ነገር ይታያል።

ከየካቲቱ የንባብ ዝርዝር የዐድዋን ክፍል እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አፈወርቅ የጻፉት ከድሉ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በድል አድራጊው ንጉሥ ዘመን ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ዜና መዋዕል፣ ማለትም በቤተ መንግሥት ሹም የተጻፈ የንጉሥ ዘመን ታሪክ፣ የቤተ መንግሥቱን ዓይን ይዞ የሚሄድ ሲሆን፣ በአማርኛ ታትሞ ለሰፊው አንባቢ የደረሰው ብዙ ዘግይቶ፣ በ1959 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በራስ መኰንን ቤት ያደጉ፣ ገና ልጅ ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዐድዋ የዘመቱ፣ በኋላም ሩሲያ ተምረው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። «ኦቶባዮግራፊ» ብለው የተዉት የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ሦስቱም ስለ አንድ ጦርነት ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ከሩቅ አገር ሆኖ ለማወደስ፣ አንዱ በሹመቱ ግዴታ ለመመዝገብ፣ አንዱ ደግሞ በእርጅናው የልጅነቱን ትዝታ ለልጅ ልጅ ለማቆየት የጻፈው ነው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ በሦስቱ መካከል ልዩነት ሲያገኝ አንዱን ውሸታም ብሎ ለመጣል አይቸኩልም፤ ልዩነቱ ከቆሙበት ቦታ የመጣ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይመረምራል።

የ1966ቱ አብዮት ክፍል ይህን ይበልጥ ጎላ አድርጎ ያሳያል። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ማስታወሻቸውን የጻፉት ታስረው ሳሉ፣ የቀድሞ ባለሥልጣናትን ለሚመረምረው ኮሚሽን ነበር፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. ያሳተሙት ሥልጣን ካጡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በስደት ከሚኖሩባት ዚምባብዌ ሆነው ነው። ሕይወት ተፈራ በእንግሊዝኛ ጽፈውት በአማርኛ «ማማ በሰማይ» ተብሎ የተተረጎመው መጽሐፍ ደግሞ፣ በስድስት ኪሎ ግቢ ተማሪ የነበረች፣ በኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ ውስጥ የታገለች፣ የምትወደውን ያጣችና ለዓመታት የታሰረች ሴት ትዝታ ነው። የመጀመሪያው ለመርማሪ፣ ሁለተኛው ለታሪክ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ለሞቱ ጓደኞች መታሰቢያ የተጻፈ ይመስላል። ለመርማሪ የሚጽፍ ሰው ሥራውን በሥርዓት ያስረዳል፤ ራሱን ለመከላከል የሚጽፍ ሰው የሌሎችን ጥፋት ያበዛል፤ ለሙታን የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላው የዘለለውን ትንሽ ነገር፣ የክፍሉን ጨለማ፣ የጓደኛን ሣቅ፣ ሳይቀር ይይዛል። ሦስቱን በአንድ ወር ያነበበ ሰው እያንዳንዳቸው ለምን ያን ያህል እንደ ተናገሩና ለምን እዚያ ላይ እንዳቆሙ ይገባዋል።

በየካቲቱ ዝርዝር ውስጥ አንድ ልቦለድ መግባት አለበት፤ ለዚህም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እጅግ ተስማሚ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ በዘመኑ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ በሚያዝዘው ደንብ መሠረት ወደ ሰሜን ሸዋ ወርዶ ከባላባቱ፣ ከካህኑና ከገበሬው ዓለም ጋር ይጋጠማል። ልቦለድ የቀንና የቁጥር ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን አብዮቱ ከመፈንዳቱ ከአራት ዓመት በፊት የተማረው ወጣትና የገጠሩ ኅብረተሰብ እንዴት ሳይግባቡ ይነጋገሩ እንደ ነበር ከብዙ ማስታወሻዎች የተሻለ ያሰማል፤ ማስታወሻ ጸሐፊው የነገሩን ፍጻሜ ካወቀ በኋላ ስለሚጽፍ፣ ከፍጻሜው በፊት የነበረውን ግራ መጋባት ሳያውቀው ያስተካክለዋልና።

ማመዛዘን

ሁለተኛው ሥራ መፍረድ ነው፤ እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ኋላ የታወቀውን በፊት በተጻፈው ላይ አለመጫን ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር ተሰልፈው ሹመት ተቀብለዋል፤ ከነጻነት በኋላም ጅማ በግዞት ሳሉ ሞተዋል። በወሩ መጀመሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን አንብቦ በወሩ አጋማሽ ስለ የካቲት 12 ያነበበ ሰው፣ ስድስት ኪሎ ላይ የፈሰሰውን ደም እያሰበ የ1901ዱን መጽሐፍ ከነደራሲው አውጥቶ ለመጣል ቢፈተን አይፈረድበትም። ሆኖም በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሆነው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው፣ የዚሁ ሰው ሥራ ነው። መጽሐፉ ለቋንቋው ያደረገው ውለታ በደራሲው የኋላ ሥራ አይሰረዝም፤ የደራሲው ጥፋትም በመጽሐፉ ውበት አይሸፈንም። ሁለቱን ለየብቻ መዝኖ ሁለቱንም መያዝ ማዳላትን ያሸነፈ አእምሮ ሥራ ነው፤ አንባቢ ይህን የሚማረው ደግሞ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና የቁጥር ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው መግለጫ፣ በየካቲቱ ጭፍጨፋ የተገደሉት ሰዎች 30,000 ናቸው ብሏል። ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት የመረመሩት ኢያን ካምቤል በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ ግምታቸውን ወደ 19,000 አድርሰዋል። ጭፍጨፋው በተፈጸመበት ዓመት በግንቦት የተካሄደው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ግድያም እንዲሁ ነው፤ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች 449 ሰዎች ሲቆጥሩ፣ ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያቀረቡት ምርመራ ከ1,400 በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። አንባቢው እነዚህን አኃዞች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲያሰፍር፣ አንድ ቁጥር መርጦ ሌላውን ከመርሳት ይልቅ ማን ቆጠረ፣ እንዴት ቆጠረ፣ ለምን ዓላማ ቆጠረ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ገዳዩ የሚያሳውቀው ያዘዘውንና የተፈጸመለትን ነው፤ የተጎዳ አገር በጉባኤ ፊት ሲቆም የጉዳቱን ስፋት ያሰማል፤ ተመራማሪ ደግሞ የዓይን ምስክርንና ሰነድን እያገናኘ ወደ እውነቱ ለመቅረብ ይጥራል። በጊዜው አዲስ አበባ የነበረው የሃንጋሪው ተወላጅ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን ጽፎ፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ላይ ታዘጋጀው በነበረው ጋዜጣ ወጥቶ ባይሆን ኖሮ የተመራማሪው ሥራ ምን ያህል በከበደ ነበር። ስለዚህ ዝቅ ያለው ግምት ግፉን አያቃልለውም፤ የበለጠ በተጣራ መጠን ይበልጥ የማይካድ ያደርገዋል እንጂ።

እዚህ ላይ የአገሩ የትርጓሜ ትምህርት የሚያግዝ ልማድ አለው። በአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍትን ኃይለ ቃል እየነጠለ በአማርኛ በሚያብራራው የሊቃውንት ትርጓሜ፣ መምህሩ አንዱን ሐተታ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ሁለተኛው የመጣው የመጀመሪያውን ለመሻር ሳይሆን ተማሪው ሁለቱንም ይዞ እንዲመረምር ነው። ስለ ሃይማኖት መጻሕፍት የዳበረው ይህ ትዕግሥት ለታሪክና ለፖለቲካ መጻሕፍት ቢተርፍ፣ ስለ የካቲት የሚደረገው ክርክር ብዙ ጩኸት በቀነሰ ነበር።

ሦስተኛው የማመዛዘን ሥራ በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን መቁጠር ነው። ከላይ የተጠቀሱት ጸሐፊዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከአንዷ በስተቀር ወንዶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሹመት የነበራቸው ወይም በሹመት አጠገብ ያደጉ ናቸው፤ ሁሉም ማንበብና መጻፍ በጥቂቶች እጅ በነበረበት አገር የተማሩ ነበሩ። ስሙ በሰልፍ መፈክር ሁሉ የተጠራው ገበሬ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የታወጀለት አራሽ፣ በራሱ እጅ የጻፈው አንድም መጽሐፍ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዐድዋ ጦር ሜዳ ማዶ፣ በጣሊያን ባንዲራ ሥር የተሰለፈው የኤርትራ አስካሪም የለም፤ የእርሱን ዓይነት ሰው ሕይወት የሚያሳየውን፣ አባ ገብረየሱስ ኃይሉ በትግርኛ የጻፉትንና ወደ ሊቢያ ስለ ተወሰዱ ቅጥር ወታደሮች የሚተርከውን «ሓደ ዛንታ» አንባቢው ገና አላነበበም። እነዚህን ጉድለቶች የትኛውም መጽሐፍ ብቻውን አይናገራቸውም፤ የሚታዩት ዝርዝሩ በሙሉ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው። የመጋቢት ንባብ ምን መሆን እንዳለበትም የሚወሰነው ከዚሁ ነው።

ያልተጨረሰ መጽሐፍም በምርመራው ቦታ አለው። አንባቢ መጽሐፍ የሚያቋርጠው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ጽሑፉ ስለ ከበደው፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መጽሐፉ የሚያምነውን ነገር ስለ ነካበት ነው። በዚህ ሁለተኛ ምክንያት የተቋረጠ መጽሐፍ ተመልሶ ሊነበብ ይገባል፤ ከደጋፊው ወገን ሁለት መጽሐፍ ጨርሶ ከተቃዋሚው ወገን አንዱን በመቶኛው ገጽ ያቆመ ሰው፣ ደብተሩ ይህን ሲያሳየው ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ በራሱ ጽሕፈት ይረዳዋልና።

መግለጽ

ሦስተኛው ሥራ የተስተዋለውንና የተመዘነውን በግልጽ ቋንቋ ማስፈር ነው። ይህም ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ሲሆን፣ የመጻሕፍቱን ይዘት መድገም አይጠበቅበትም፤ በወሩ መጀመሪያ አንባቢው ያምን የነበረውን፣ በወሩ መጨረሻ የቀየረውን ወይም ያጸናውን፣ ለዚህም ያበቃውን ማስረጃ መናገር ይበቃዋል። መጻፍ ግድ የሚሆነው በጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ሐሳብ ግልጽ መስሎ ስለሚታይ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን የጎደለው መረጃና ያልተያያዘው ምክንያት ወዲያው ይታወቃል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ግልጽ አነጋገርን ከማስተዋልና ከመፍረድ እኩል ማስቀመጣቸው በዚህ ምክንያት ተገቢ ነው።

ይህ ሥራ በአንድ ሰው ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም። በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመውና ወመዘክር በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ እስከ ተከፈተው አብርሆት ድረስ፣ ከተማዋ ሰው ተቀምጦ የሚያነብባቸው አዳራሾች አሏት። በነዚህ አዳራሾች፣ በትምህርት ቤቶችና በየሰፈሩ ባሉ የንባብ ክበባት፣ ወር በተጠናቀቀ ቁጥር አምስት ስድስት አንባቢዎች የወር ሒሳባቸውን ይዘው ቢገናኙ ብዙ ጥቅም ይገኛል፤ ምክንያቱም ለአንድ ሰው ሰባት መጽሐፍ በወር ማንበብ ቢከብድም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ያነበቡ ሰዎች ተሰብስበው ዐሥር መጻሕፍትን ሊያመሳክሩ ይችላሉ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ስንት መጽሐፍ እንዳነበቡ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት መጻሕፍት የተለያዩበትን አንድ ነጥብ አሳዩ ቢሏቸው፣ ተማሪው ንባብን ከሸምዳጅነት ወደ መመርመር ያሸጋግራል።

ነገሩ ከግል ጥቅምም ያልፋል። የካቲት በየዓመቱ ሲመጣ ዐድዋ የማን ድል ነው፣ አብዮቱ ምን አተረፈ ምን አጠፋ፣ ያ የተማሪ ትውልድ ይመስገን ወይስ ይወቀስ የሚሉ ክርክሮች ይነሣሉ፤ እነዚህም ክርክሮች በቤተሰብ ማዕድ፣ በቢሮና በአደባባይ ሰዎችን የሚያቀያይሙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው ወደ ክርክሩ የሚገባው የዚያን መጽሐፍ ቁጣ ይዞ ነው። ወሩን ሙሉ አንብቦ፣ መዝግቦና አመሳክሮ የገባ ሰው ግን የሚከራከረውን ወገን መጽሐፍም ያውቀዋል፤ የራሱ ወገን የዘለለውን ያምናል፤ ያልተመለሰውን ጥያቄ በስም ጠርቶ ለውይይት ያቀርባል። እንዲህ ያለ አንባቢ መብዛት ለአገሪቱ ከብዙ ዐዋጅ ይበልጥ ይጠቅማታል። ለዚህም የሚጠየቀው በቀን አንድ ሰዓት ንባብ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሩብ ሰዓት ምዝገባ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ ምሽት የሚፈጅ ሐቀኛ ሒሳብ ነው።